ከጕልላቷ በላይና ከጕልላቷ በታች

ወደ ኢየሩሳሌም የሚመጣ ተሳላሚ ብዙ ዓመት ገንዘብ አጠራቅሞ፣ ቤቱንና ሥራውን ትቶ የሚመጣ ነው፤ ቈይታውም ጥቂት ቀን ናት። ስለዚህ ቀኑን የሚያከፋፍልለት አስጐብኚ ከባድ ዐደራ ተሸክሟል። እኔ ልነቅፍ የተነሣሁት ሰዎቹን ሳይሆን የጉብኝቱን ልማድ ነው።

በጐልጎታ ቤተ ክርስቲያን የሚሆነውን እንመልከት። ተሳላሚው በመቃብሩ ፊት ተሰልፎ ብዙ ይቆማል፤ ገብቶም ግንባሩን በወጉ ሳያሳርፍ «ውጣ» ይባላል፤ ከዚያም ጊዜው አልቋል ተብሎ ወደ ደጅ ይመራል። መቃብሩን የከደነችው ትንሽ ቤት ከ1808ቱ ቃጠሎ በኋላ፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1810 ዓ.ም. የተሠራች ናት። እንደ ሕንፃ ስትመዘን ጌጧ የበዛ፣ መስመሯ የተጨናነቀ ነው። በ1947 ደግፎ እንዲይዛት የታሰረባት ብረት በ2017 እድሳት ሲነሣላት መልኳ ተሻሽሏል፤ ይሁን እንጂ ክብሯ ከያዘችው ነው እንጂ ከሠሪዋ እጅ አይደለም።

ከዚያ በስተ ምሥራቅ አርመኖች ወደሚያገለግሉበት ወደ ንግሥት ዕሌኒ ቤተ ጸሎት የሚያወርድ ደረጃ አለ። በደረጃው ግድግዳ ላይ እጅግ ብዙ ትንንሽ መስቀሎች ተቀርጸዋል። ተሳላሚው ሁሉ የየራሱን እንደ ቀረጸ ለብዙ ዘመን ይነገር ነበር። በ2018 ቤተ ጸሎቱ ሲታደስ ግድግዳውን የመረመሩ ሊቃውንት ግን የቅርጹ ጥልቀት ተመሳሳይ ሆኖ ስላገኙት፣ የጥቂት ድንጋይ ጠራቢዎች ሥራ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። እንዲህ ከሆነ ተሳላሚው ዋጋ ከፍሎ ለራሱ፣ ምናልባትም መምጣት ላልቻለ ዘመዱ ያስቀርጽ ነበር ማለት ነው። ለእኔ ይህ ግድግዳ ከላይ ካለው እብነ በረድ ሁሉ ይበልጥብኛል፤ አንዱ መስቀል በሌላው ላይ ሳይኰራ፣ ያለ ስምና ያለ ጌጥ ተደርድሯልና።

የሚያሳዝነው የእኛው ነገር ነው። ዴር ሡልጣን የሚገኘው በዚያው ቤተ ጸሎት ጣሪያ ላይ ነው፤ በግቢው መካከል ያለችው ጕልላትም ለዕሌኒ ቤት ብርሃን የምታስገባው ናት። ተሳላሚያችን በጕልላቷ ጥላ ዐርፎ ዳቦውን ይቈርሳል፤ ከእግሩ በታች ያለውን የሚነግረው ግን የለም። እኔም በዚያች ግቢ ከርሜ ደረጃውን የወረድሁት እጅግ ዘግይቼ ነው፤ አፍሬበታለሁ።

በአንበሶች በር አጠገብ ያለችው ቅድስት ሐናም እንዲሁ ትታለፋለች። በ12ኛው ምእት ዓመት መስቀላውያን የሠሯት፣ በ1192 ሳላሕዲን ትምህርት ቤት ያደረጋት፣ በ1856 ለፈረንሳይ የተሰጠች ናት፤ የዐረብኛው ጽሕፈት እስከ ዛሬ በበሯ ላይ ነው። ግድግዳዋ ባዶ ስለ ሆነ ድምፅ በውስጧ ይቈያል። ጐብኚዎች አንድ መዝሙር ዘምረው እየተጫጫሁ ይወጣሉ፤ ድምፁ እስኪጠፋ ዝም ብሎ የሚያደምጥ ጥቂት ነው።

ወደ ዕሌኒ ቤት መውረድ የሚፈልግ ሁሉ አስጐብኚውን ሳይጠብቅ ማለዳ ይሂድ፤ በዚያ ሰዓት ደረጃው ባዶ ነው። መስቀሎቹን መዳሰስ ግን ድንጋዩን ስለሚያሟልጠው በዐይን ማየት ይበቃል።