ይቅርታና መዝገብ

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ይሉ ነበር። ይህን ተረት ያስታወሰኝ የኢትዮጵያ የፍርድ ሚኒስቴር ስለ ኢጣልያ የጦር ወንጀል በፈረንጆች አቆጣጠር በ1949 እና በ1950 ያሳተመው ባለ ሁለት ክፍል የሰነድ መጽሐፍ ነው። ሰነዶቹ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሲዮን የቀረቡ ነበሩ።

የመጀመሪያው ክፍል የኢጣልያኖችን የራሳቸውን ቴሌግራምና የትእዛዝ ደብዳቤ፥ ሁለተኛው ደግሞ በመሐላ የተሰጠ የምስክርነት ቃል ይዟል። አሠራሩን አደንቃለሁ። ከሳሹ አልተሳደበም፤ የተከሳሹን የገዛ እጅ ጽሕፈት በዳኛ ፊት አኖረ እንጂ።

ነገር ግን የበዳይ ጽሕፈት ብቻውን አይበቃም። ግራዚያኒ በግንቦት 1929 ዓ.ም. ስለ ደብረ ሊባኖስ ወደ ሮማ በላከው ቴሌግራም የተረሸኑትን መነኮሳት 297 አላቸው፤ ቀጥሎም 129 ዲያቆናት ጨመረ። ከብዙ ዘመን በኋላ ነገሩን የመረመሩት ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ግን የሟቾቹን ቁጥር ከ1423 እስከ 2033 አደረሱት። ገዳይ የሚነግረን ራሱ የቆጠረውን ብቻ ነው፤ የቀረውን የሚያውቀው የሟች ቤተ ሰብ ነው።

ፍርዱስ ምን ሆነ? ኢትዮጵያ ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ አሥር ሰዎችን ከሰሰች። ኮሚሲዮኑም በ1940 ዓ.ም. ስምንቱን የሚያስከስስ ማስረጃ መኖሩን ተቀበለ። ሆኖም ከእነርሱ አንዱ እንኳ በኢትዮጵያ ስላደረገው ግፍ ለፍርድ አልቀረበም። ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. በአገሩ 19 ዓመት እስራት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር ስለ ተባበረ ነው፤ እርሱም በጥቂት ወራት ተፈታ። በ2004 ዓ.ም. አፊሌ በምትባል የኢጣልያ ከተማ መታሰቢያ ሕንጻ ተሠራለት።

በማስተምርበት ዘመን አንድ ተማሪ «ጃንሆይ በ1933 ዓ.ም. ክፉን በክፉ አትመልሱ ብለው የለምን? ታዲያ ክሱ ለምን አስፈለገ?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አጥቼ ወደ ሌላው ትምህርት አለፍሁ። ዛሬ ብጠየቅ መልሱ አይጠፋኝም፤ ምሕረትን ያወጀውና የክሱን መጽሐፍ ያሳተመው አንዱ መንግሥት ነው። ይቅርታ እጅን ከበቀል ይከለክላል እንጂ አፍን ከምስክርነት አይዘጋም።

በመጽሐፉ ላይ የማገኘው ጉድለት የምስክሮቹ ማነስ ነው። ይህን ስል ግን ነቀፋው ወደ ራሴ ይመለሳል። አያቴ የየካቲት 12ን ቃጠሎ በዓይናቸው ያዩ ነበሩ። ስንት ማታ ሊነግሩኝ ጀመሩ፤ እኔም «ደብተር አርሜ ልጨርስና» እያልሁ አዘገየኋቸው። አንድ መስመር ሳልጽፍላቸው ዐረፉ። የተማርሁት እኔ፥ ብዕር የያዝሁት እኔ ነበርሁ።

ወጣቶች ሆይ፥ ኃይለኛ መንግሥት በደካማ ሕዝብ ላይ ያደረገውን ግፍ ጊዜ እንዲሸፍንለት ይጠብቃል። እናንተ ግን የሰማችሁትን ከነስሙ፥ ከነቀኑ፥ ከነቦታው ጻፉ፤ ሳትጨምሩ፥ ሳትቀንሱ። ዳኛው ዘግይቶ ቢመጣ እንኳ የሚያነበው ነገር ያግኝ።