ጃፓን በሣጥኑ ላይ ወይስ በደንቡ ውስጥ?

በበዓል ቀን ቡናው ሲፈላ አዋቂዎች በወሬ ይጠመዳሉ፤ ልጆች ደግሞ የጨዋታ ሣጥናቸውን ከፍተው ምንጣፍ ላይ ይዘረጋሉ። ከእነዚህ ሣጥኖች መካከል የጃፓንን መልክ የለበሱት ጥቂት አይደሉም። በአንዱ ላይ ኪሞኖ የለበሰ መንገደኛ፣ በሌላው ላይ ዓይንና አፍ ያወጣ ሱሺ፣ በሦስተኛው ላይ የሌሊት ሰማይ ያደመቀ ርችት ተስሏል። ልጁ ተጫውቶ ሲነሣ ጃፓንን ያወቀ ይመስለዋል። ያወቀው ግን ምኑን ነው? እኛ የራሳችን አገር በአንድ ሥዕል ተጠቃልላ ለሰው ስትቀርብ ምን እንደሚሰማን የምናውቅ ሰዎች ነን። ስለዚህ የሌላውን አገር ሥዕል ስንገዛ ምን እንደገዛን መጠየቅ ይገባናል።

መለኪያዬ አንድ ነው፤ ሥዕሉን አንሥቶ ደንቡን ብቻ ማየት። ሥዕሉ ሲነሣ ጃፓንም አብራ ከሄደች፣ ነገሩ ልብስ ብቻ ነበር ማለት ነው። ደንቡ ራሱ ስለ አገሩ የሚናገረው ካለው ግን ጨዋታው ከጌጥ ያለፈ ነው።

ከቀላሉ እንጀምር። «ሱሺ ጎ» አውስትራሊያዊው ፊል ዎከር-ሃርዲንግ የፈጠረው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የካርታ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ በእጁ ካሉት ካርታዎች አንዱን ያስቀርና የቀሩትን በጎኑ ለተቀመጠው ያሳልፋል። ሦስት ሳሺሚ የሰበሰበ 10 ነጥብ ያገኛል፤ ሁለት ይዞ ሦስተኛው ያመለጠው ግን ምንም አያገኝም። በሱሺ ፈንታ ፒዛ ቢሳልበት ምን ይጎድላል ያሰኛል። ሆኖም ምግቡ ከሰው ወደ ሰው መዞሩ በእውን ካለ ነገር ጋር ይገጥማል። ዮሺያኪ ሺራይሺ የተባለ የምግብ ቤት ባለቤት እ.ኤ.አ. በ1958 በኦሳካ አካባቢ ሱሺን በሚንቀሳቀስ ቀበቶ ላይ ማዞር ጀመረ። ሐሳቡን ያገኘው በቢራ ፋብሪካ ጠርሙሶች በቀበቶ ሲጓዙ አይቶ ነው። ተመጋቢው በፊቱ ከሚያልፈው የወደደውን ያነሣል፤ ያላነሣው ለጎረቤቱ ይደርሳል። ጨዋታውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ትንሽ ነው፤ ከልኩ በላይም አይንጠራራም።

«ሐናቢ» የፈረንሳዊው አንትዋን ባውዛ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ በ2013 የጀርመንን የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ሽልማት አግኝቷል። ቃሉ በጃፓንኛ ርችት ማለት ሲሆን፣ የአበባና የእሳት ጥምር ነው። እዚህ ተጫዋቾች አይፎካከሩም፤ ሁሉም አንድ ወገን ናቸው። እያንዳንዱ ሰው የካርታዎቹን ፊት ወደ ሌሎች አዙሮ ይይዛል፤ የሌሎቹን ሁሉ ያያል፣ የራሱን ግን አያይም። በአምስት ቀለም ከ1 እስከ 5 በቅደም ተከተል ሲደረድሩ ፍጹም ውጤቱ 25 ነው። ፍንጭ የሚሰጠው ስለ ቀለም ወይም ስለ ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱም ተቆጥሮ ነው። በመለኪያዬ ከሄድን ይህ ጨዋታ ወዳቂ ነው፤ ሥዕሉን ብታነሡት ጃፓን ከስሙ በቀር የለችበትም። በጨዋታነቱ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ለመናገር በሚሽቀዳደምበት የእኛ ዓይነት ስብሰባ፣ ጥቂት ተናግሮ ብዙ ማስረዳትን፣ የራስንም ነገር ከሰው አፍ መስማትን ያለማምዳል። እንግዲህ መለኪያዬ የአገሩን እውነት እንጂ የጨዋታውን ጥፍጥና አይመዝንም።

ብዙ የሚያነጋግረው ባውዛ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው «ቶካይዶ» ነው። ቶካይዶ ኪዮቶን ከኤዶ፣ ማለትም ከዛሬዋ ቶኪዮ፣ ጋር ያገናኝ የነበረ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ጥንታዊ መንገድ ነው። በመካከሉ የነበሩትን 53 የማረፊያ ጣቢያዎች ሠዓሊው ሂሮሺጌ በ1830ዎቹ በሳላቸው ሥዕሎች በዓለም አስታውቋቸዋል። በጨዋታው ተራ የሚደርሰው ከሁሉ ወደ ኋላ ለቀረው መንገደኛ ነው። ቸኩሎ የሄደ ሌሎች እስኪደርሱበት ቆሞ ይጠብቃል፤ ዝግ ያለው ግን በፍል ውሃው ይታጠባል፣ በቤተ መቅደሱ ገንዘብ ይሰጣል፣ የተራራውን ገጽታ ያያል። በእንግዳ ማረፊያው ሁሉም ይገናኛል፤ አንድን ምግብም ደግሞ መብላት አይፈቀድም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የምንለውን ደንብ ያደረገ ጨዋታ ነው። እስከዚህ ድረስ ደንቡ ራሱ መንገዱን ይናገራል።

መንገዱ ግን ከልክ በላይ ጸድቷል። በእውነተኛው ቶካይዶ ላይ የሐኮኔ ኬላ ነበር። መንገደኛ የይለፍ ወረቀት ይጠየቅ ነበር። ወደ ኤዶ የሚገባ ጠመንጃና ከኤዶ የምትወጣ ሴት በብርቱ ይፈተሹ ነበር፤ ምክንያቱም ገዢው ሾጉን የመሳፍንቱን ሚስቶች በኤዶ እንደ መያዣ አስቀምጦ ነበርና። በጨዋታው ላይ ይህ አንዱም የለም። ማንም ማንንም ወዴት ትሄዳለህ አይልም፤ ሁሉም አገር ጎብኚ ነው። ከእኛ መካከል ወረቀት ሳይጠየቅ ድንበር የተሻገረ ስንት ነው? ጨዋታ ሰውን ያስጨንቅ አልልም። ነገር ግን አንድ ኬላ ቢኖረው፣ አንድ ተጫዋች እንኳ ወረቀቱ እስኪታይ ተራውን ቢያሳልፍ፣ መንገዱ እውነተኛ መንገድ በሆነ ነበር። አሁን ባለበት ሁኔታ ያማረ፣ ነገር ግን የአስጎብኚ ጃፓን ነው።

መልክ መዋስ በራሱ ነውር አይደለም። ጃፓናዊው ሴይጂ ካናይ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው «የፍቅር ደብዳቤ» በ16 ካርታዎች ብቻ የሚካሄድ ሲሆን፣ የሚያሳየው የአውሮፓ ቤተ መንግሥትና ልዕልት ነው። ጃፓኖችም ተውሰዋል ማለት ነው።

ጃፓኖች ለራሳቸው የሚጫወቱት ግን ሌላ ነው። በአዲስ ዓመት ከሚዘረጉት ጨዋታዎች አንዱ «ሐያኩኒን ኢሹ» የሚባለው የግጥም ካርታ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት ፉጂዋራ ኖ ቴይካ ከመቶ ገጣሚዎች አንዳንድ ግጥም መርጦ ያሰባሰበው መድብል ነው ጨዋታ የሆነው። አንድ ሰው ግጥሙን ከመነሻው ያነባል፤ ምንጣፉ ላይ የተበተኑት 100 ካርታዎች የግጥሞቹን ሁለተኛ አጋማሽ ብቻ ይዘዋል። ቀሪውን በቃሉ የያዘ ፈጥኖ ካርታውን ይነጥቃል። ሰባቱ ግጥሞች ገና የመጀመሪያው ድምፅ ሲሰማ ይታወቃሉ። ግጥም ለማያውቁ ሕፃናት ደግሞ በዚያው ካርታ ላይ ያሉትን የገጣሚዎች ሥዕል እየገለጡ የሚጫወቱበት ሌላ መንገድ አለ፤ መነኩሴ የወጣበት የሰበሰበውን ሁሉ ያጣል። ከጨዋታው የቀረ ልጅ የለም፤ ሲያድግ ግን ወደ ግጥሙ ይሻገራል። እነሱ ይህን ዓይነቱን ካርታ «ካሩታ» ይሉታል፤ ቃሉን የወሰዱት ከፖርቱጋሎች ነው፤ የእኛም ካርታ የዚያ ዘመድ ነው። ዕቃው ከውጭ መጣ፤ በላዩ የጻፉበት ግን የራሳቸውን ቃል ነው። ግጥሙን አንሡት፣ ጨዋታ የሚባል ነገር አይቀርም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ጥቂት ደቂቃ ለመሳቅ «ሱሺ ጎ»፣ ተስማምቶ ለመሥራት «ሐናቢ» ይገዙ። «ቶካይዶ»ን የሚገዛ ግን የኬላውን ታሪክ ለልጁ በቃሉ ይጨምርበት። ከሁሉም በላይ ከካሩታው የምንማረው አለ፤ ቋንቋ በምክር ከሚያዝ በላይ በጨዋታ ይያዛል። የእኛም እንቆቅልህ ያለ አማርኛ አይሆንም። በዚያ ጨዋታ መልስ ያጣ ሰው አገር ስጠኝ ይባላል፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። አገር የሚሰጠው ሳያውቁ ሲቀር ነው። ሣጥኑም ልጆቻችን ጠይቀው ሳያውቁ አንድ አገር እንዳይሰጣቸው እንጠንቀቅ።