በእግር የሚሄድ ግጥም፣ በማን መንገድ?

የሥነ ጽሑፍ ክበባችን ያወጣው የጉዞ ዕቅድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ሰባት ገጽ ነው። ከደሴ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ውጫሌ፣ ከዚያ በአምባሰል ደጋ ግሸን፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ለመስከረም 21 ለመድረስ። ስድስት ግጥም በየማረፊያው ይነበባል። ሐሳቡን የጠላ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እኔም ስሜን ካስመዘገቡት አንዱ ነኝ። ሂሱን አሁን የምጽፈው መንገድ ላይ ከማፈር እዚሁ መነጋገር ስለሚሻል ነው።

ዕቅዱ በመግቢያው የእንግሊዙን ገጣሚ ሳይመን አርሚቴጅን ይጠቅሳል። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2010 ፔናይን ዌይ የሚባለውን ተራራማ መንገድ በእግሩ ሲጓዝ ማታ ማታ በደረሰበት ግጥም ያነብ ነበር፤ አድማጭም የፈቀደውን ካልሲ ውስጥ ይጥልለታል። ጥሩ ምሳሌ ነው። ግን እሱ የተጓዘው ወደ ተወለደበት አገር አቅጣጫ ነው፤ ማደሪያውንም ከሰው ደግነት እየጠበቀ። እኛ ካልሲዋን ወስደን ጥገኝነቱን ትተናል። ሦስት ገጽ ሙሉ የስንቅና የድንኳን ዝርዝር ነው!

ለመሆኑ እንግሊዝ ድረስ ምን አስኬደን? ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ የውሻ ዱላ ይዞ ከጉባኤ ጉባኤ ሲዞር የኖረው የቆሎ ተማሪ የዚሁ አገር ሰው አይደለም እንዴ? ዋድላ እኮ ሩቅ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ገለል ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል። ጉባኤ ቃናው ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ግን አንዴ ከተባለ በኋላ ያንኑ በሌላ ቀን ይዞ መቅረብ ነውር ነው። እኛስ? እነዚያኑ ስድስት ግጥሞች በየደረስንበት ልንደግም ነው። መንገዱ ግጥማችንን የማይለውጠው ከሆነ በአውቶቡስ ብንሄድ ምን ይጎድልብናል?

የመጀመሪያው ምሽት ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ ነው ተብሏል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት ይህ ገዳም ሴት አያስገባም። ከስድስቱ ግጥሞች ሁለቱ የእኅቶቻችን ናቸው፤ ያውም የተሻሉት። ውጭ ቆመው ሊጠብቁን ነው? ዕቅዱን የጻፈው ወንድሜ ይህን አጥቶት አይደለም፤ አላሰበውም። ንባቡ ሐይቅ ከተማ ይሁንና ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ገበያተኛውም ይስማ። በነገራችን ላይ በወሎ ለስንቱ ሰው ሌሊት ተቀምጦ ግጥም መስማት ማለት መንዙማ ነው፤ ዕቅዱ ውስጥ ግን መንዙማ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ሁለተኛው ግጥም ቤት የማይሰብር፣ ምጣኔው ያማረ ግጥም ነው። አዳራሽ ውስጥ ሲነበብ አጨብጭቤለታለሁ። የሚለው ግን መራመድ ነፃነት ነው፣ ቤት እሥር ነው ነው። ይህን ውጫሌ ላይ ልናነብ? በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚያ መስመር ሲወርድ ሰው ልጁን አዝሎ፣ የቻለውን ተሸክሞ በዚሁ አስፋልት ወደ ደሴ ሸሸ። ወሩ ሳይወጣ ደሴም ተያዘች። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የተራበው የወሎ ገበሬ የወረደውም ወደዚሁ አውራ ጎዳና ነበር። የግጥሙ መንገደኛ ግን ሸክም የለውም፣ አይጠማውም፣ የሚያልፍበት ቦታ ስም የለውም። መንገዱ ላይ አንድ ድንጋይ እንኳ የለም። የይዘቱ ጉድለት ቅርጹ ውስጥም ገብቷል፦ ቤቱ በቀለለው መጠን ነገሩም ይቀልላል።

አንድ ጓደኛዬ «ግጥም ዜና አይደለም» ይለኛል። እሺ፣ አይደለም። ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. በኮሌጅ ቀን «ደኃው ይናገራል»ን ሲያነብ ግን ድሀው ራሱ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም፤ ተማሪው ስለ እሱ ሆኖ ተናገረ። እኛ እሱው ፊት ልንቆም ነው። «ውሸት ነው» ሊለን ይችላል፤ መብቱም ነው። ደግሞም ውጫሌ ቃል የሚቀለድበት ቦታ አይደለም። በ1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛና በጣሊያንኛ ስለተለያየ ነገሩ አድዋ ድረስ ደርሷል።

ስለ ግሸን ብዙ አልልም። በንግሥ ሌሊት ማኅሌት ቆሞ ሳለ የእኛን ግጥም ማን ይሰማል? እዚያ ስንደርስ ከተሳላሚው ጋር ቁጭ ብለን ስንት ቀን እንደተጓዘና ለምን እንደተጓዘ ብንጠይቀው ይበቃል።

ስለዚህ ሁለተኛው ግጥም ከውጫሌ ይውጣ፤ ገጣሚው ከፈለገ እዚያው ደርሶ ሌላ ይጻፍ። ከስድስቱ ሦስቱ ብቻ ይያዙና የቀረው ጊዜ ለአገሬው ይተው። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ስሙ አምባሰል ነው፤ በዕቃው ዝርዝር ላይ ግን ክራርም ማሲንቆም አላየሁም። ድምፅ ማጉያ አለ። ዳገቱን ማን ተሸክሞት እንደሚወጣ ግን አልተጻፈም።