ፍጥነቱን የሚወስነው ማን ነው?

የኢንተርኔት ትምህርት ተቋሙ የካን አካዳሚ መሥራች ሳልማን ካን እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተመው «ዘ ዋን ወርልድ ስኩልሃውስ» የተሰኘ መጽሐፍ ላይ ላዩን ሲታይ ስለ ኮምፒውተርና ቪዲዮ የተጻፈ ይመስላል። ዋና ጉዳዩ ግን ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት ለአንድ ርዕስ ሁለት ሳምንት ይመድባል፤ ሁለቱ ሳምንታት ሲያልቁ የገባውም ያልገባውም ተማሪ አብሮ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል። ካን ይህ እንዲገለበጥ ይፈልጋል፤ ጊዜው እንደየተማሪው ይርዘም ወይም ይጠር፣ ጠንቅቆ ማወቅ ግን ለሁሉም ግዴታ ይሁን ይላል። ሐሳቡን ከልቤ እቀበለዋለሁ። መጽሐፉ የሚሳሳው ይህን ሐሳብ ክፍል ውስጥ ሥራ ላይ የሚያውለው መምህር ጋ ሲደርስ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ካን ቦስተን ውስጥ በአንድ የኢንቨስትመንት ድርጅት እየሠራ፣ ኒው ኦርሊንስ የምትኖር የአሥራ ሁለት ዓመት ዘመዱን ከርቀት ሒሳብ ማስጠናት ያዘ። ልጅቷ ጎበዝ ብትሆንም አንዱን መለኪያ ወደ ሌላው መቀየር አቅቷታል። ስትጠየቅ በግምት ትመልሳለች። ካን ደንብ አወጣላት፤ ወይ አፏን ሞልታ ትመልሳለች፣ ወይ «አልገባኝም፣ ድገምልኝ» ትላለች። ይህ የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ነው። ልጅቷን ያሰናከላት የአእምሮ ማነስ ሳይሆን አለማወቅን መደበቅ እንደሆነ በግልጽ ያሳያል። የማስተማሪያ ቪዲዮዎቹ የመጡት ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ የሚያስጠናቸው ዘመዶች ሲበዙበት ነው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ በተካሄደ የክረምት ትምህርት የተገኘው ልምድም ያስገርማል። ከተማሪዎቹ ከፊሎቹ ከ5ኛ ክፍል ሒሳብ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ከአንድ ሲደመር አንድ እንዲጀምሩ ተደረገ። ከታች የጀመሩት ቀዳዳቸውን ደፍነው ሌሎቹን ቀደሙ። ከመካከላቸው አንዲት ልጅ ኔጋቲቭ ቁጥሮችን መደመርና መቀነስ ላይ ለረጅም ጊዜ ተቸንክራ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ቆየች፤ ድንገት ሲበራላት ግን ከክፍሉ ግንባር ቀደሞች አንዷ ሆነች። በተለመደው ክፍል ብትሆን ኖሮ በመጀመሪያው ፈተና «ሰነፍ» ተብላ ትቀር ነበር። ይሁን እንጂ ቋጠሮው እንዴት እንደተፈታላት መጽሐፉ አያብራራም። መጽሐፉን የሚያነብ መምህር ማወቅ የሚፈልገው ደግሞ እሱኑ ነው፤ ማን ጎኗ ተቀመጠ? ምን ጠየቃት? በምን ምሳሌ አስረዳት?

እ.ኤ.አ. በ2010 በዚያው በካሊፎርኒያ፣ በሎስ አልቶስ ከተማ ትምህርት ቤቶች የ5ኛና የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ስለተጀመረው ሙከራ ሲተርክም ያው ክፍተት ይታያል። እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ ፍጥነት በኮምፒውተር መልመጃ ይሠራል፤ ማን የት እንደተቸገረ በመምህሩ ስክሪን ላይ ይታያል፤ መምህሩም ሄዶ ይረዳዋል። ኮምፒውተርንና መምህርን የሚያጣምረው፣ ቅይጥ ትምህርት የሚባለው በትክክል ይኸው ነው። ነገር ግን በአንድ ክፍለ ጊዜ የሠላሳ ተማሪ መረጃ አንብቦ ለማን መቅደም እንዳለበት መወሰን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ካን ይህን ሙያ ሶፍትዌሩ ከተገጠመ በኋላ በራሱ የሚመጣ ያስመስለዋል። አንድ መቶ ያህል ተማሪዎችን ዕድሜ ሳይለይ ከሦስት ወይም ከአራት መምህራን ጋር በአንድ ሰፊ ክፍል የማስተማር ሐሳቡም ማራኪ ነው፤ ስልሳ ተማሪ ብቻውን ለያዘ መምህር ግን መንገዱን አያሳይም።

እኛ ይህን መጽሐፍ የምንመዝንባቸው ሁለት የራሳችን ልምዶች አሉን። አንደኛው በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የገባው ፕላዝማ ነው። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። ስክሪኑ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ተመለሰም አልተመለሰ ይቀጥላል። ማቆምም ሆነ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። መምህሩ መግቢያና መደምደሚያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት፣ ሌላውን ጊዜ ከተማሪው ጋር ቆሞ ያያል። ሁለተኛው የየኔታ ጉባኤ ነው። በዚያ ተማሪው ሀሁን ሳይለይ አቡጊዳ፣ አቡጊዳን ሳይዘልቅ መልእክተ ዮሐንስ አይሻገርም። አንዱ ፈጥኖ፣ ሌላው ዘግይቶ ዳዊት ይደግማል፤ ከፍ ያለው ታናሹን ያስቀጽላል። አርጩሜውና ያልተረዱትን በቃል መያዙ ይወቀሳሉ፤ ይገባቸዋልም። ካን የሚመኘው በራስ ፍጥነት መማር ግን ያለ መብራት፣ ያለ ስክሪን በዚያ ነበረ።

ከሁለቱ የምረዳው መሣሪያው ብቻውን ምንም እንደማይወስን ነው። የሚወስነው ፍጥነቱ በማን እጅ እንዳለና ተማሪው ሲደናቀፍ ማን አጠገቡ እንደሚደርስ ነው። የካን ቪዲዮ ቆሞ ሊጠብቅና ሊደገም ስለሚችል የመጀመሪያውን ይመልሳል። ሁለተኛውን የሚመልሰው የሠለጠነና ጊዜ የተሰጠው መምህር ብቻ ነው፤ መጽሐፉም ለዚህ የሰጠው ቦታ ጠባብ ነው።

እንዲያም ሆኖ ለመምህራንና ለርዕሳነ መምህራን መጽሐፉን አንብቡት እላለሁ፤ «ተማሪው አይችልም» ከማለታችን በፊት «የት ጋ ነው የቆመው?» ብለን እንድንጠይቅ ያስገድደናል። ታብሌት ሊገዛ ያሰበ ትምህርት ቤት ግን መጀመሪያ የክፍለ ጊዜ ሰሌዳውን ይፈትሽ። መምህሩ ከአንድ ተማሪ ጎን አሥር ደቂቃ የሚቀመጥበት ቦታ ከሌለው ከግዢው በፊት መስተካከል ያለበት ሰሌዳው ነው።