ከፋብሪካ በኋላ የገባ ሽቦ

ደብል ጋቢና ፒካፕ ከፋብሪካ እንደወጣ የሚቆይ መኪና አይደለም። ለሥራ የተገዛ ስለሆነ ሥራው የጠየቀው ሁሉ ይጨመርበታል። ድርጅቱ ጂፒኤስ ያስገጥማል፣ ሾፌሩ ለገጠር መንገድ የኤልኢዲ ፓውዛ ይፈልጋል፣ ስክሪን ያለው ቴፕ፣ የኋላ ካሜራና አላርም ይከተላሉ፤ የመስክ ሥራ ካለም የመገናኛ ሬዲዮ ይገባል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሞተሩ ጠዋት አልነሳ ይላል፣ የኤቢኤስ መብራት ይበራል፣ ወይም መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት ያጣና ጠፍቶ ሲነሳ ደህና ይሆናል። ያኔ አንዱ ዕቃውን፣ ሌላው መኪናውን ይወቅሳል። እኔ የምለው ግን ከእነዚህ ብልሽቶች አብዛኞቹ የሚወለዱት ዕቃውና መኪናው በተገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ኤሌክትሪኩ ከየት ተወሰደ? ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት ማሳስ የት ታሰረ? የትኛውስ ሽቦ ተነካ? የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሙያ ዛሬ የሚፈተነው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

የድሮው አሠራር ከስንፍና የመጣ አልነበረም። ባለ 3ኤል ሞተሩን ቶዮታ ሃይሉክስ ብንወስድ ናፍጣውን የሚረጨው ሜካኒካል ፓምፕ ነው፤ ሞተሩ አንዴ ከተነሳ በኋላ የሚፈልገው ኤሌክትሪክ የነዳጅ መዝጊያውን ከፍቶ ለመያዝ ያህል ብቻ ነበር። በዚያ መኪና ላይ ሽቦ ኤሌክትሪክ ያመላልሳል፣ ሌላ ሥራ የለውም። በሙከራ አምፖል ኤሌክትሪክ ያለበትን ሽቦ ፈልጎ፣ ልጦ፣ አዲሱን ጠምጥሞ በናስትሮ ማሰር ይበቃ ነበር፤ ቢበላሽም የሚጠፋው መብራት ወይም ክላክስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በመጡት በአብዛኞቹ የናፍጣ ሃይሉክሶች ላይ ግን እያንዳንዱ ኢንጀክተር መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚከፈት የሚወስነው ኮምፒውተር ነው፤ የነዳጅ ፔዳሉም ፍላጎቱን የሚያስታውቀው በቮልቴጅ ነው። በአንድ ቀጭን ሽቦ ላይ ያለው ቮልቴጅ እንግዲህ ልኬት ሆኗል ማለት ነው። ልኬቱን ያዛባ ሰው አንድም ነገር ሳያቃጥል መኪናውን ያሳስታል። የድሮዋ የሙከራ አምፖል ራሷ የምትስበው ኤሌክትሪክ ለእንዲህ ያለ ሽቦ ብዙ ስለሆነ፣ በእነዚህ መኪኖች ላይ ከእጅ ወጥታ በዲጂታል ቴስተር መተካት ነበረባት።

ማሳን እንይ፤ ብዙ ሰው ቀላል ነው ብሎ የሚያልፈው እሱን ነውና። 180 ዋት የሆነ ፓውዛ ወደ 15 አምፔር ይስባል። የማሳው ብሎን ቀለም ላይ ከታሰረ ወይም ከዛገና አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ ከፈጠረ፣ ያ ሁሉ አምፔር ሲያልፍበት 1.5 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ በአንዲት ብሎን ላይም ከ22 ዋት የማያንስ ሙቀት ይፈጠራል። አሁን በዚያችው ብሎን የአንድ ሴንሰር ማሳም ታስሮ ቢሆንስ? ብዙዎቹ ሴንሰሮች የሚሠሩት በ5 ቮልት ስለሆነ የግማሽ ቮልት መዛባት ለኮምፒውተሩ የአሥር በመቶ ስሕተት ነው። ሾፌሩ «ፓውዛ ሳበራ ጉልበት ያጣል» ሲል ሊሰማ ይገባዋል። ማታ ብቻ የሚመጣ ብልሽት ቀን ጋራዥ ውስጥ አይታይምና። ከዚህ ለመሸሽ ማሳውን በቀጥታ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ማሰርም ሁልጊዜ አያድንም። ፎርድ ኤፍ-150ን ጨምሮ በብዙ አዳዲስ ፒካፖች ኔጌቲቩ ላይ የተቀመጠች ሴንሰር ወደ ባትሪው የሚገባውንና ከባትሪው የሚወጣውን ትቆጥራለች፤ ዲናሞው ምን ያህል እንዲሞላ የሚወሰነው ቆጠራዋ ታይቶ ነው። ከሴንሰሯ በፊት ባትሪው ራስ ላይ የታሰረ ዕቃ ሳይቆጠር ይጠጣል። ኮምፒውተሩ ባትሪው ሙሉ ነው ብሎ ሲያምን ባትሪው እየደከመ ይሄዳል፣ ባለቤቱም አዲስ ባትሪ ይገዛል፣ እሱም ይደክማል። ትክክለኛው ቦታ ቀለሙ ተፍቆ የጸዳ፣ ከሴንሰር ማሳዎች የራቀ የሻሲ ብሎን ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያከራክረው ግን የባትሪ ማለቅ ነው። ቆሞ የተቆለፈ መኪና ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ቢስብ ጤነኛ ይባላል፤ በዚህ መጠን 70 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ባዶ ለመሆን ከ50 ቀን በላይ ይፈጅበታል። የሚስበው ግማሽ አምፔር ከሆነ ግን ሦስት ቀን ሳይሞላ ግማሹ ያልቃል፤ በደብረ ብርሃን ብርድ የናፍጣ ሞተር በግማሽ ባትሪ ማስነሳት ደግሞ ከባድ ነው። ገጣሚው «የእኔ ጂፒኤስ 20 ሚሊ አምፔር እንኳ አይስብም» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ዕቃው ማንን ይቀሰቅሳል የሚለው ነው። የመኪናው ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩት ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ይፋ ባደረገው ካን በተባለው መስመር፣ እርስ በርስ በተጠማዘዙ ሁለት ሽቦዎች ነው፤ መኪናው ሲቆለፍ መስመሩ ጸጥ ሲል አንድ በአንድ ይተኛሉ። ከዚህ መስመር ላይ የተጠለፈ ወይም በዲያግኖስቲክ ሶኬቱ የተሰካ ዕቃ ሌሊቱን ሁሉ መልእክት ከላከ ሌሎቹም ነቅተው ያድራሉ፣ በአንድነትም በአምፔር የሚቆጠር ኤሌክትሪክ ይጠጣሉ። ዕቃውን ለብቻው የለካ ሰው ይህን በጭራሽ አያገኘውም። መኪናውን የለካም በር ከፍቶ ወዲያው ካነበበ ይሳሳታል፤ ተቆልፎ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል። መስመሩ ራሱም ይለካል። በሁለቱ ጫፎቹ 120 ኦም መዝጊያ ስላለው፣ ባትሪው ተፈትቶ በሶኬቱ 6ኛና 14ኛ እግሮች መካከል በብዙ መኪኖች 60 ኦም ይነበባል። 40 ከተነበበ አንድ ሰው ሦስተኛ መዝጊያ ጨምሯል፤ 120 ከሆነ ከመስመሩ አንድ ወገን ተቆርጧል። ይህ ልኬት ደቂቃዎችን እንጂ ገንዘብን አይጠይቅም፤ ከመግጠም በፊትና በኋላ አለመደረጉ ያሳዝነኛል።

ጂፒኤስ ገጣሚዎች መኪናን ከርቀት ለማቆም ሽቦ ቆርጠው ሪሌ የሚያስገቡበትን ነገር ደግሞ በዝምታ ማለፍ አይቻልም። የሚቆረጠው የነዳጅ ወይም የሞተር ኮምፒውተር ሽቦ ከሆነ፣ የሪሌዋ እግር በላላች ቀን ሞተሩ በጉዞ ላይ ይጠፋል፤ ከሞተሩ ጋር የመሪው ረዳት ኃይል ይሄዳል፣ ፍሬኑም ከጥቂት መርገጥ በኋላ ይጠነክራል። በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ የተጫነ ፒካፕ እንዲህ ሲሆን የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ነው። የሚቆረጠው የሞተሪኖ ትእዛዝ ሽቦ ከሆነ ግን ሌባው መኪናውን አያስነሳም፣ እየሄደ ያለው መኪናም አይቆምም። እየሄደ ያለ መኪና ማቆም አለብን የሚል ደንበኛ ቢመጣ፣ እምቢ ማለት የሙያው አካል ነው።

«በናስትሮ የታሰረ ስንትና ስንት መኪና ዓመታት ይሠራ የለም ወይ?» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው፤ እውነትም ይሠራል። መጋጠሚያ ግን የሚያረጀው በአቧራ፣ በንዝረትና በክረምት ውሃ ነው። የሠራው ሰው የሚያየው የገጠመ ዕለት መብራቱን ብቻ ስለሆነ፣ ዓመት ቆይቶ ሌላ ጋራዥ የሚደርሰው ብልሽት በእሱ ስም አይመዘገብም። አምራቾች መኪናውን ከልክ በላይ ስሱ አድርገውታል የሚሉም ከፊል እውነት አላቸው፤ ለተጨማሪ ዕቃ የተዘጋጀ ሽቦና ፊውዝ ከፋብሪካው ቢኖር ግማሹ ችግር ባልተፈጠረ። ፎርድ በሱፐር ዲዩቲ ፒካፖቹ ላይ ለዚሁ የተዘጋጁ ማብሪያዎችን በምርጫ ማቅረቡ የሚቻል መሆኑን ያሳያል። በእጃችን ያለው መኪና እስካልተቀየረ ድረስ ግን ወቀሳው ሽቦውን አያስተካክልም። የዋጋው ክርክር ይበልጥ ይከብደኛል፤ ደንበኛው በርካሽ የሚገጥምለት አጠገቡ አለ። ያም ሆኖ ፊውዝ፣ ሪሌና ጥቂት ሜትር ጥሩ ሽቦ ከአንድ ባትሪ በእጅጉ ይረክሳሉ፤ ይህን ሒሳብ ለደንበኛው አስቀድሞ ማስረዳት የእኛ ሥራ ነው።

ለፓውዛ ከባትሪው የሚነሳ የራሱ ሽቦ ይዘረጋለታል፣ ፊውዙም ባትሪው አጠገብ ይቀመጣል። ፊውዝ የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን ሽቦውን ስለሆነ መጠኑ በሽቦው ውፍረት ይመረጣል፤ ተቃጠለ ብሎ በሚበልጥ መተካት እሳት መጋበዝ ነው። ማብሪያው ሪሌዋን ብቻ ያዛል፤ ሪሌዋም ስትጠፋ የምትረጨውን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያፍን ዳዮድ ያላት ትሁን። በኤልኢዲ የተተካ ፍሬቻ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ካለ፣ መኪናው 21 ዋት አምፖል ሲጠብቅ ጥቂት ዋት ስላገኘ ተቃጥሏል ብሎ ነው፤ ለዚያ መኪና የተሠራውን መግዛት ይሻላል። በመጨረሻም ምን እንደተጨመረ፣ ኤሌክትሪኩ ከየት እንደተወሰደ፣ ማሳው የት እንደታሰረና ፊውዙ ስንት አምፔር እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ገጽ ሥዕል ተሠርቶ ከመኪናው መመሪያ ጋር ይቀመጥ። ቀጥሎ ዳሽቦርዱን የሚፈታው ኤሌክትሪሺያን በፋብሪካው ሥዕል ላይ የሌለ ሽቦ ሲያጋጥመው ሥራውን የሚጀምረው ከዚያ ገጽ ነው።