ማንበብና መሸምደድ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ማንበብ ማለት ፊደልን በድምፅ መጥራት ብቻ እንዳይመስልህ። ማንበብ ማለት ካጠገብህ የሌለ ሰው የሚነግርህን መስማት ነው። ጸሐፊው በሩቅ አገር ሊኖር፥ ወይም ከሞተ ብዙ ዘመን ሊሆነው ይችላል፤ ማንበብ የሚያውቅ ሰው ግን ቃሉን ፊት ለፊት እንደ ተነጋገሩ አድርጎ ይሰማዋል። እንግዲህ ትምህርት ቤት ሕፃኑን ፊደል አስጠንቶ ሐሳቡን ሳያሰማው ከቀረ፥ እንግዳን እስከ ደጅ አድርሶ ወደ ቤት ሳያስገባ እንደ መለሰ ይቈጠራል። ይህን የምጽፈው ሌሎችን ለመንቀፍ ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ አስቀድሞ የምነቅፈው ራሴን ነው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ በመንዝ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። አገሩ ደጋ ነው፤ የጧቱ ውርጭ ፊት ይገርፋል። ሕፃናቱም የበግ ጥበቃውን ተራ ለወንድም ለእኅታቸው ትተው፥ ባና ደርበው ይመጡ ነበር። በአንድ ክፍል ሰባ ያህል ልጆች ነበሩ፤ መጽሐፉም ለሦስትና ለአራት ልጅ አንድ ነበረ። እኔ እንደ ልማዱ አንድ ዐረፍተ ነገር አነባለሁ፤ እነሱም በአንድ ድምፅ ይከተሉኛል። ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማ ስለ ነበር መንገደኛው ሁሉ «ይህ መምህር ጎበዝ ነው» ይል ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ከነዚያ ልጆች መካከል አንድ ብልህ ብላቴና ነበረ። የትኛውንም ገጽ ብጠራለት ሳይሰናከል ይወጣዋል፤ ስለዚህ ዘወትር እያስነሣሁ ለሌሎቹ ምሳሌ አደርገው ነበር። አራተኛ ክፍል በደረሰ ጊዜ ከታላቅ ወንድሙ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። እናቱም «እንግዲህ ልጄ ተምሯልና ሰው አልለምንም» ብላ ሰጠችው። ብላቴናው ደብዳቤውን ዘረጋና፦ «እንደምን ከርማችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ» እያለ አንበለበለው። እናቲቱም እልል ብላ ለጎረቤት አወራች።

ከአንድ ወር በኋላ አንድ ዘመድ ያንኑ ደብዳቤ አንሥቶ ቢያነበው፥ ወንድምየው በጽኑ ታምሞ ሆስፒታል መተኛቱንና ሰው እንዲመጣለት መለመኑን የሚናገር ሆኖ ተገኘ። ብላቴናው የደገመው የሌላ ሰው ደብዳቤ ሲነበብ ሰምቶ የያዘውን ወግ ነበር። በሽተኛው በኋላ ቢድንም፥ ያን ሁሉ ቀን ያለ ጠያቂ አሳለፈ። እናቲቱ ወደ እኔ መጥታ፦ «መምህር፥ ልጄን አራት ዓመት ሙሉ ምን ሲያስተምሩት ከረሙ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጁን ጠርቼ ከዚያ በፊት ያላየውን ገጽ ብሰጠው፥ ፊደሉን አንድ በአንድ ያውቀዋል፤ ቃሉን ግን ሊገጥመው አልቻለም። ሳይገባው ሲደግም «ጎበዝ!» እያልሁ ያስለመድሁት እኔ ነበርሁ።

ይህ የአንድ መምህርና የአንድ ልጅ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍሁት ነበር። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ንባብ በተፈተኑ ጊዜ፥ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበለት አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። ከዚያ ወዲህ አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት ታትመዋል፤ መምህራንም ሠልጥነዋል፤ መልካም ነው። ነገር ግን መጽሐፉ ቢለወጥ የማስተማሩ ልማድ ካልተለወጠ፥ ልጁ አዲሱንም መጽሐፍ እንደ አሮጌው ይሸመድደዋል።

ብዙ ሰዎች ይህን ጥፋት በቄስ ትምህርት ቤት ያሳብባሉ። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ስለ ሆንሁ እንደዚሁ አስብ ነበር። ቀረብ ብዬ ብመለከት ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። የኔታ ልጆቹን በአንድነት ቢያስጮሁም፥ እያንዳንዱን ደግሞ ለብቻው ያስቀርቡታል። ልጁ በስንደዶ ፊደሉን እየነካ ይቈጥራል፤ ታላቁም ታናሹን ያስጠናል። ከፊደልና ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፥ ከዚያም ወደ ዳዊት ሲሻገር፥ በግዕዝ፥ በውርድና በቁም ንባብ ይታረማል፤ ተነሹን ከወዳቂው እንዲለይ ይደረጋል። ጉድለቱ ቋንቋው ግዕዝ ስለ ሆነ፥ ሕፃኑ ትርጉሙን ሳያውቅ ብዙ ጊዜ መቆየቱ ነው። እኛ ዘመናውያን መምህራን ግን ከዚያ ትምህርት ቤት ጩኸቱን ወርሰን፥ አንድ በአንድ ማድመጡን ጣልነው።

የአማርኛ ጽሕፈት ራሱ ይህን ማድመጥ ያስገድዳል፤ ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይምና። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ግን ይገኛል ማለት ነው። «ዋና» ሲላላ በውሃ መዋኘት ነው፤ ሲጠብቅ ግን ከሌላው የበለጠ ማለት ነው። ስለዚህ አማርኛ የሚያነብ ሕፃን ሐሳቡን ካልተረዳ ቃሉን እንኳ በትክክል ሊጠራው አይችልም። «ገና ገና አልደረሰም» ብለህ ጽፈህ ለአንድ ልጅ ብቻውን ስጠው። የፊተኛውን አጥብቆ የኋለኛውን አላልቶ ካነበበ፥ ስለ በዓሉ መነገሩን ተረድቶታል። ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርጎ ከጠራቸው ግን ፊደል ጠራ እንጂ አላነበበም።

«ሰባ ልጅ እንዴት አንድ በአንድ ይደመጣል?» የሚል ይኖራል። እኔም ብዙ ዓመት በዚህ ቃል አመካኝቻለሁ። ያች እናት ከመጣች በኋላ ግን በየቀኑ አሥራ አራት ልጆች ብቻ ማድመጥ ጀመርሁ፤ የቀሩት ሁለት ሁለት ሆነው እርስ በርሳቸው ያነባሉ። በዚህ ዓይነት ሰባው ልጅ በአምስት ቀን ይዳረሳል። ክፍሉ ጸጥ ስላለ አንዳንድ ሰዎች ሰነፍ ሆነ ብለው አሙኝ።

ከዚህም በቀር ንባብን ማስተማር አንድ ነገር ነው፤ ማስወደድ ሌላ ነገር ነው። በልጅነቴ አንድ መምህሬ ሁልጊዜ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ያነብልን ነበር። አንዳንድ ጊዜም መካከል ላይ ያቆምና መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ትቶት ይወጣል። እኛም ፍጻሜውን ለማወቅ እየተጋፋን እናነበው ነበር። ደራሲው የመንዝ ተወላጅ መሆናቸውን ለተማሪዎቼ በነገርኋቸው ጊዜ «የእኛ አገር ሰው?» ብለው መደነቃቸውን አልረሳውም። ነገር ግን በማስተምርበት ቤት ያለው የታሪክ መጽሐፍ ሁሉ በሣጥን ተቈልፎ ነበር፤ የጠፋውን መምህሩ ይከፍላልና። ቁልፉን ከያዙት አንዱ እኔ ነበርሁ። እንግዲህ ያነጻነው መጽሐፍ በጽዳቱ ቀረ፤ ልጆቹም አላነበቡም። በልጅ እጅ ያረጀ መጽሐፍ ሥራውን ሠርቶ አረጀ እንጂ አልጠፋም።

ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የተባሉት ኢትዮጵያዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ይህን ተረድተው፥ ከአሜሪካ ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በኋላም በሐዋሳ መጻሕፍትን በአህያ በሚጎተት ጋሪ ለሕፃናት አደረሱ። በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ አህያና በቅሎ ገብስ ይጭናሉ፤ ጥቂት መጻሕፍት ቢጨመሩባቸው ጭነቱ አይከብዳቸውም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ስለዚህ ነገሩን ሁሉ ለመምህር ብቻ መተው አይቻልም። አንተ ይህን ገጽ የምታነብ ወጣት፥ ምናልባት በቤትህ ውስጥ ከመምህር የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። ማታ ታናሽህን ካጠገብህ አስቀምጥና ያላየውን ገጽ አስነብበው፤ ሲሳሳት አትቈጣው፤ ሲጨርስም «ምን አለ?» ብለህ ጠይቀው። በራሱ ቃል ከነገረህ አንብቧል። አንድ ቀን የእናታችሁን ደብዳቤ የሚያነበው እሱ ይሆናልና፥ እኔ አራት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቀው የቀረሁትን ያን አንድ ጥያቄ አንተ ዛሬ ማታ ጠይቀው።