ከአበባው ወደ ኋላ መቁጠር

በፎገራ ሜዳ ሩዝ መዝራት የጀመረ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛው ዘር ብዙ ይሰጣል?» ብሎ ነው። ወረታ አካባቢ የጎርፍ ማሳ ሲያርሱ የሸበቱ አንድ ገበሬ ግን የዘር ስም አይጠሩለትም። «መቼ ልትዘራ ነው?» ይሉታል።

የእሳቸው ቆጠራ መነሻው ሰኔ ሳይሆን አበባው ነው። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለተኛ፣ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚያሰኘው ብርድ ለሩዝም አይራራም። ዛላው ብቅ ሊል 10 ቀን ገደማ ሲቀረው፣ ገና በግንዱ ሆድ ሳለ፣ የአበባው ዱቄት ይሠራል። ያን ሰሞን ሌሊቱ ክፉኛ ከቀዘቀዘ ፍሬ አይቋጠርም። ማሳው ከሩቅ ያማረ ነው፤ ዛላው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጉዱም እዚያ ላይ ነው፤ ፍሬ የያዘ ዛላ ያጎነብሳል።

ስለዚህ አበባው ከብርዱ መቅደም አለበት። ዛላው መፈጠር ከጀመረ እስኪያብብ አንድ ወር አለፍ ይላል፤ ካበበ በኋላ እስኪታጨድ በሞቃት አገር ሌላ አንድ ወር፣ በፎገራ ደግሞ ከዚያ በላይ ይፈጃል። የዝርያዎቹ ዋና ልዩነት ከዚህ ሁሉ በፊት ባለው የቡቃያ ዘመን ነው። ያ ዘመን ካጠረ ሩዙ ግንድ ሳያበዛ ወደ ዛላ ይሮጣል፤ ከረዘመ ደግሞ ብርድ ይቀበለዋል።

ሥልጠና የወሰደው ወጣት ጎረቤታቸው ይከራከራል። ኔሪካ 4 የተባለው ዝርያ በምዕራብ አፍሪካ ከ95 እስከ 100 ቀን ይደርሳል አይደል? ይደርሳል፤ ቀኑ የተቆጠረው ግን በሙቀት ነው፣ እዚህ ብርዱ ይጎትተዋል። ችግኝ አፍልቶ መትከልንም አዛውንቱ አይወዱም፤ የተነቀለ ችግኝ ሥር እስኪይዝ ያኮርፋል ባይ ናቸው። እዚህ ላይ ግትርነታቸው ያይላል። ውኃውን መቆጣጠር የቻለ ሰው በመደብ ያሳደገው ችግኝ ማሳው ላይ የሚያጠፋውን ጊዜ ያሳጥርለታል፣ አረሙም ይቀልለታል።

በልጅነታቸው ይህ ውኃ የዋጠው መሬት የከብት ነበር። በ1970ዎቹ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ሩዝ መጣ፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያም ጅግና የተባለውን አካባቢ ስም ይዞ ቀረ። ዛሬ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆኗል። እሳቸው ግን የሚኮሩት በሁለተኛው አዝመራ ነው። ሩዙ ሳይታጨድ በሥሩ ጓያ ይበትናሉ፤ ሩዙ ከዘገየ ጓያው የሚበቅልበት እርጥበት ያልቃል። ወጣቱ ስለ ሩዙ ኩንታል ሲያሰላ፣ እሳቸው የጓያ ዘር ገዝቶ እንደሆነ ይጠይቁታል።